ዱቄት በኩባያ ወይስ በግራም? ጥያቄና መልስ

ስለ ዱቄት ልኬት የገባችሁ ጥያቄ ካለ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ስንት ግራም ነው? አንዱ 120 ይላል፣ ሌላው 150። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወሳኙ አሞላሉ ነው። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከትተሽ ዝቀሽ ስታወጪው ዱቄቱ ይጠቀጠቃል፤ ከ140 እስከ 150 ግራም ይገባል። መጀመሪያ ዱቄቱን በማንኪያ አላልተሽ፣ ቀስ እያልሽ በማንኪያ ጨምረሽ፣ ትርፉን በቢላዋ ጀርባ ጠረግ ስታደርጊው ደግሞ ከ120 እስከ 125 ይሆናል። ኩባያውን መታ መታ ማድረግ የለም! ልዩነቱን ትንሽ አድርገሽ እንዳታይው እህቴ። 3 ኩባያ በሚል ኬክ ላይ 90 ግራም ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ሦስት አራተኛ ኩባያ ትርፍ ዱቄት ነው። ኬክ ደረቀብኝ የምትሉ መጀመሪያ እዚህ ጋ ፈትሹ።

ጥያቄ፦ ሚዛን የለኝም፤ የፈሳሽ መለኪያዬ ግን 500 ሚሊ ሊትር የሚል መስመር አለው። 500 ግራም ዱቄት በሱ ልለካ?

መልስ፦ በፍጹም። ሚሊ ሊትርና ግራም እኩል የሚሆኑት ለውሃ ነው። እዚያ መስመር ድረስ ዱቄት ብትሞላ የምታገኘው 250 ግራም ገደማ ነው፤ ግማሹ ማለት ነው። ከዚያ ለ500 ግራም የተባለውን ውሃ ስትጨምርበት ሊጡ ቀጥኖ ይፈሳል። ቀላሉ መንገድ 500ን ለ120 ማካፈል ነው፦ 4 ኩባያ፣ በላዩ ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 8 ግራም ያህል ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ኩባያ 250 ሚሊ ሊትር ይላል። ችግር አለው?

መልስ፦ የአሜሪካኑ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ያንቺ ሜትሪክ (በሊትር ልክ የተሠራ) ነው። ሁሉንም ነገር በዚያው በአንዱ ኩባያ ከለካሽ ምጣኔው አይዛባም። እንቁላል ግን በቁጥር ስለሚገባ ከኩባያው ጋር አብሮ አያድግም። ለማንኛውም ልዩነቱ 5 በመቶ ያህል ስለሆነ አያስጨንቅም። የሚያሳስበኝ የቡና ስኒና የሻይ ብርጭቆ እያነሱ «ኩባያ» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ነፍቼ ልለካ ወይስ ለክቼ ልንፋ?

መልስ፦ የተነፋ ዱቄት ስለሚሳሳ አንድ ኩባያው 110 ግራም ድረስ ሊወርድ ይችላል። አሠራሩ የሚለውን ተከተል። በግራም ከመዘንክ ግን ፊትም ንፋው ኋላ ለውጥ የለውም።

ጥያቄ፦ ለሌላ ዱቄትም 120 ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። የአልሞንድ ዱቄት በኩባያ 100 ግራም አካባቢ ነው፤ የሩዝ ዱቄት ከ140 ያልፋል።

ጥያቄ፦ ሚዛን ገዛሁ፤ እርሾ ግን በትክክል አያነብልኝም።

መልስ፦ ሚዛኑ ጥሩ ነው፤ ለትንሽ ነገር ስላልተሠራ ነው። በ1 ግራም የሚቆጥር ሚዛን 3 ግራም ላይ መሳቱ አይቀርም። ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ውሃውን በሚዛን አድርጊ፤ ሳህኑን አስቀምጠሽ ወደ ዜሮ እየመለስሽ እላዩ ላይ መጨመር ነው። ለእርሾ፣ ለጨውና ለቤኪንግ ፓውደር የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል።