ያደበዘዘኝ ቢጫው ሌንስ ነው?

ጥያቄ፦ ቀኝ ዓይኔ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ካደረገ አምስት ወር ሆነው። የገባልኝ ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣራ ቢጫ ሌንስ ነው። መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር፤ አሁን ግን ጽሑፉ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፣ ማታም የመኪና መብራት ይበተንብኛል። ሌንሱን ላስቀይረው? ለግራ ዓይኔስ ቀለም የሌለውን ልምረጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጥርት ብሎ ከታየዎት ቢጫውን አይውቀሱት፤ ቀለሙ ያኔም ያው ነበር። ሁለቱም ዓይነት ሌንሶች አልትራቫዮሌትን ያግዳሉ። ቢጫው ከዚያ አልፎ ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ካለው ሰማያዊ ብርሃን ከፊሉን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በሁለቱ መካከል የሚያሳስብ የእይታ ጥራት ልዩነት አላገኘም። ቢጫው ማኩላን (በዓይን ጀርባ ጥርት ያለውን እይታ የሚሰጠውን ክፍል) ከእርጅና ጉዳት ያድናል ለሚለው ማስታወቂያም በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ስለዚህ ለዚያ ብለው ተጨማሪ አይክፈሉ።

የብዥታውን መንስኤ ለመገመት ወፍራም ወረቀት በመርፌ ይብሱ፤ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ግራ ዓይንዎን ሸፍነው በቀዳዳው ሩቅ ያለ ጽሑፍ ይመልከቱ። ከጠራልዎት የሚያስፈልግዎት መነጽር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የቀረ አስቲግማቲዝም፣ ማለትም የዓይን ፊት ቅርጽ እኩል አለመሆን፣ ነው። ካልጠራ ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሌንሱን የያዘው ስስ ከረጢት ነው። በቀዶ ሕክምናው የተረፉ ሕዋሳት በጀርባ ግድግዳው ላይ እየተስፋፉ ያደበዝዙታል፤ የመብራቱ መበተንም ከዚሁ ይመጣል። ሐኪሙ ያግ በሚባል ሌዘር የግድግዳውን መሃል ይከፍተዋል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ቢላ የለውም። ከዚያ በፊት ግን ማኩላው አለማበጡ ኦሲቲ በሚባል የዓይን ጀርባን በሚያነሳ ምርመራ ይታይ፤ እብጠት ካለ ሌዘሩ አይፈታውም።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከረጢቱ በሌዘር ከተከፈተ በኋላ ሌንስ መቀየር በጣም ይከብዳል፤ ቪትሪየስ የሚባለው የዓይን ፈሳሽ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል። የመቀየር ሐሳብ ካለዎት ከሌዘሩ በፊት ይናገሩ።

ለግራው እኛ ብንሆን ያንኑ ቢጫ እናስገባ ነበር። ቀለሙ ቢለያይ ጉዳት የለውም፤ ግን ነጭ ግድግዳ ላይ አንዱን ዓይን ጨፍኖ ማነጻጸር የሚወድ ሰው ይረበሻል። ለጊዜው ማነጻጸሩን ይተዉት፤ ግራው ግርዶሽ ስላለበት ከየትኛውም ሌንስ ይልቅ ቢጫ አድርጎ የሚያሳየው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሌንስ ሞዴልና ኃይል የተጻፈበትን ካርድ ለሐኪሙ ያሳዩ።

ድንገት ብልጭታ ካዩ፣ ብዙ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካዩ ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይታዩ።