ጅብ በ5 ነጥብ አይሞትም፦ ለወጣት ጌም ማስተሮች

ውድ ልጆች፣

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ እኛ ቤት ለምትመጡትም፣ ፒያሳና ሜክሲኮ በየካፌው ዳይስ ለምትጥሉትም ነው የምጽፈው። በሙያዬ የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ምሰሶ ስንት ሸክም እንደሚችል በማስላት ነው። ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስን (አንዱ ጌም ማስተር ሆኖ ታሪኩንና ጭራቆቹን የሚመራበት፣ ሌሎቹ ጀግኖች ሆነው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው) ዘግይቼ፣ በእህቴ ልጆች በኩል ነው ያወቅሁት። ከጨዋታው ሁሉ ልቤን የያዘው የጭራቆቹን አቅም ማመጣጠን ነው።

በቅርቡ አንድ ልጅ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲመራ አጠገቡ ነበርኩ። ተጫዋቾቹ 4፣ ሁሉም ሌቨል 1፣ ማለትም ገና ጀማሪዎች። አንድ ኦገር፣ ግዙፍ ሰው መሰል ጭራቅ፣ አወጣባቸው። አስማተኛዋ በመጀመሪያው ምት ሞተች። ልጁ ደንግጦ የኦገሩን የሕይወት ነጥብ (ስንት ጉዳት ችሎ እንደሚቆም የሚለካውን) ወዲያው በግማሽ ቀነሰው። ምን ዋጋ አለው? ልጅቷ ሞታለች።

ሒሳቡን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው 5ኛ እትም መጽሐፍ ኦገር 59 የሕይወት ነጥብ አለው። ሲመታ ባለ 8 ጎን ዳይስ ሁለት ይጥላል፣ 4 ይጨምራል። አማካዩ 13 ነው። 7 ነጥብ ያላት አስማተኛ በአንድ ምት የነጥቧ እጥፍ፣ 14 ጉዳት፣ ከደረሰባት መውደቅ ብቻ አይደለም፣ በሕጉ መሠረት እዚያው ትሞታለች። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው «13 ነው፣ ትተርፋለች» ይላል። ነገር ግን ካረፉት ምቶች 44 በመቶው 14 እና ከዚያ በላይ ናቸው። እኛ መሐንዲሶች ሕንፃ የምንሠራው ለአማካይ ቀን አይደለም፤ ለክፉው ቀን ነው። እናንተም ጭራቅ ከማውጣታችሁ በፊት ትልቁን ምት አስሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትነኩት ጉዳቱን ነው። ከሁለቱ ዳይስ አንዱን አንሱለት። ያኔ ትልቁ ምት 12 ይሆናል። አስማተኛዋ ትወድቃለች፣ ጓደኛዋ ሮጦ ያነሳታል፣ ጠረጴዛው ሁሉ ይጮኻል። (ለመምታት በሚጣለው ባለ 20 ጎን ዳይስ 20 ከወጣ የጉዳቱ ዳይስ ስለሚጨመር አደጋው አሁንም አለ። ይኑር።) የሕይወት ነጥብ ግን የሚወስነው ውጊያው ስንት ዙር እንደሚፈጅ ነው። እሱን መጨረሻ ላይ ንኩት። የመከላከያ ቁጥር (ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) እና የመምቻ ጭማሪ (በባለ 20 ጎኑ ዳይስ ላይ የሚደመረው) እያንዳንዱ 1 ቁጥር የ5 በመቶ ለውጥ ነው፤ ከ2 በላይ አታንቀሳቅሱ። የፓዝፋይንደር፣ የሌላው ተመሳሳይ ጨዋታ፣ 2ኛ እትም ራሱ ጭራቅ ለማጠንከርም ሆነ ለማዳከም የሚጠቀመው ቁጥር 2 ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ወደ ጅቡ። በዚያው በ5ኛው እትም መጽሐፍ ጅብ 5 የሕይወት ነጥብ ነው ያለው፣ የአቅም ደረጃው 0፣ ከሁሉ ዝቅተኛው። ከእንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ይህን አይቀበልም። የአህያ አጥንት የሚሰብር አውሬ እንዴት በአንድ ቀስት ይሞታል? ቀጥሎ ያለው ግዙፍ ጅብ ደግሞ 45 ነጥብ አለው፣ ለጀማሪ ይከብዳል። መሀል ላይ የሚሆን የለም። እኔ እንዲህ አድርጌ ሠራሁት፦ የሕይወት ነጥብ 22፣ መከላከያ 12፣ የመምቻ ጭማሪ 4፣ ንክሻው አንድ ባለ 8 ጎን ዳይስ ሲደመር 2።

ይህ ለብቻው ልከኛ ነው። መንጋ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። መጽሐፉ ለጅብ የመንጋ ችሎታ ሰጥቶታል፤ ሌላ ጅብ ከተጠቂው አጠገብ ካለ ሁለት ጊዜ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል። መከላከያው 14 የሆነ ተዋጊ ላይ አንድ ጅብ የሚሳካለት 55 በመቶ ነው። ጓደኛ ሲያገኝ 80 በመቶ ይሆናል። አንድ ቁጥር ሳትነኩ ጭራቁ በረታ ማለት ነው። ለ4 ጀማሪዎች ከ2 በላይ አላወጣም።

የዚህ ግልባጭም አለ። አንድ ትልቅ ጭራቅ ብቻውን ከ4 ሰው ሲገጥም እሱ አንዴ ሲመታ እነሱ አራቴ ይመቱታል። ነጥብ ቢቆለልበት ውጊያው ይንዛዛል እንጂ አያስፈራም። መጽሐፉ ለትልልቆቹ ድራጎኖች በሌሎች ተራ መጨረሻ ላይ የሚያደርጓቸው 3 ተጨማሪ ድርጊቶች የሰጣቸው ለዚህ ነው። ከዚያ ተማሩ፤ አንድ ተጨማሪ ድርጊት ስጡት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጭራቁ ሊሞት ሲል በስውር ነጥብ አትጨምሩለት። «ፍልሚያው ቶሎ አለቀብኝ» ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ያቺ ልጅ የመጨረሻ አስማቷን አውጥታ፣ ዳይሱን እፍ ብላ ጥላ ያገኘችውን ድል እየቀማችኋት ነው። ማስተካከያ የሚሠራው ከጨዋታው በፊት፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ ነው። ፍልሚያው መሀል ከከበደባቸውም ቁጥሩን ተዉት፣ ጭራቁ ምን እንደሚፈልግ አስቡ። ጅብ የመጣው ለምሳሌ የተጫዋቾቹን አህያ ሊበላ ነው። እሷን ጎትቶ ይሂድ። እሳት ካየ ይሽሽ። ተጫዋቾቹ አህያዋን ማስጣል ከፈለጉ ምርጫው የራሳቸው ነው።

ጅቤን በየጠረጴዛችሁ ሞክሩትና ስንት ዙር እንደፈጀ፣ ማን እንደወደቀ ጻፉልኝ። 22 ነጥብ በዝቶ እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩበት ነው።