ዝም ያሉት 12ቱ

ባለፈው ወር አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው የሚያጠኑ ልጆች አገኘሁ። አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው። ዕድሜዬን በስታቲስቲክስ ሥራ እንደጨረስኩ ያውቃል። "ጋሼ፣ የግሩፓችን አማካይ አይኪው 134 ወጣ!" ብሎ ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። በእስክሪብቶ የተጻፉ 11 የስልክ ፈተና ውጤቶች ናቸው። ድምሩም ማካፈሉም ልክ ነው።

"ስንት ናችሁ?" አልኩት።

"23።"

"የቀሩት 12ቱስ?"

ዝም አለ። ዳር ላይ የቆመች አንዲት ልጅ ስልኳን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ይህን የምጽፍላችሁ ለእሷ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ ልንገራችሁ። አይኪው፣ ማለትም የማሰብ ችሎታ ፈተና ውጤት፣ የሚለካው የሕዝቡ አማካይ 100 እንዲሆን ተደርጎ ነው። 130ና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከ100 ሰው 2 ያህሉ ብቻ ነው። የአንድ የጥናት ግሩፕ አማካይ 134 ሲሆን መለኪያውን ጠርጥሩ። በስልክ የሚሞላ ነፃ ፈተና ማንንም ማስከፋት አይፈልግም። ደግሞም ውጤቱን የሚያወራው ደስ ያለው ሰው ነው። ያልተደሰተው ዝም ይላል። በሥራ ዘመኔ ከተሳሳተ መልስ በላይ ያስፈራኝ የነበረው ይህ ዝምታ ነው። ስሌቱ ልክ ሆኖ አማካዩ ይዋሻል።

እንዲህ ያለ ፈተና መጀመሪያ ለምን እንደተሠራም እወቁ። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ፓሪስ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በትምህርታቸው ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። ልጅን ለመደገፍ የታሰበ ነገር ልጅ ሲያሸማቅቅ ሳይ ያመኛል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የእህል ምርት ጥናት እንሠራ ነበር። ስድስት ነን። ሁላችንም ዲግሪ አለን፣ ሁለቱ ውጭ አገር የተማሩ ናቸው። ገበሬዎቹ ምርታቸውን የነገሩን በቁና ነው። እኛ ሁሉንም በአንድ ሒሳብ ወደ ኪሎ ለወጥነው። የአንድ ወረዳ ቁጥር ግን አልገጥም አለ። ሦስት ሳምንት ተከራከርን። ዝናቡን ወቀስን፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹን ወቀስን። መጠይቆቹን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባ አንዲት ልጅ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን "የኛ አገር ቁና እኮ ትልቅ ነው" አለች። ለካ የዚያው ወረዳ ልጅ ናት።

"እስካሁን ለምን አልነገርሽንም?" አልናት።

"ማን ጠየቀኝ?"

እፍረቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ሁለተኛው ካልተናገረ ግን ያው አንድ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ተመራማሪዋ አኒታ ዉሊና ባልደረቦቿ 'ሳይንስ' መጽሔት ላይ ያወጡትን ጥናት አነበብኩ። 699 ሰዎችን በትንንሽ ቡድን ከፋፍለው ሥራ ሰጧቸው። የቡድኑን ውጤት ከአባላቱ አማካይ አይኪው ይልቅ የተሻለ የጠቆመው ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፦ የሌላውን ስሜት ማንበብ መቻልና ንግግሩ ለሁሉም መዳረሱ። ጥናቱን የተቃወሙ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔ ግን ሳነበው ያቺ ቁና ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ስለዚህ መቁጠር ከፈለጋችሁ ይህን ቁጠሩ። በስብሰባችሁ ማን ስንቴ እንደተናገረ በጭረት መዝግቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን እዩት። ያልተናገረውን ሰው በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁት፤ መልሱን እስኪጨርስም አታቋርጡት።

ለሰፈሬ ልጅም ይህንኑ ነበር ያልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ ደወለልኝ። ከ23ቱ ያወሩት አምስት ብቻ ናቸው። "የዚያች ልጅስ?" አልኩት። ባዶ ነው አለኝ።

"እንግዲያው የቀጣዩን ቅዳሜ ጥያቄ እሷ ትምረጥ" አልኩት።