«120 ሜትር፣ 0.62 ፐርሰንት መዳብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እህቴ፣ ከሸዋ ሮቢት የጻፍሽውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። ካናዳ ያለው ወንድምሽ የአንድ ትንሽ የመዳብ ፍለጋ ኩባንያ አክሲዮን ሊገዛ ነው። ኩባንያው ከመጀመሪያ ቁፋሮዎቹ «120 ሜትር፣ 0.62 ፐርሰንት መዳብ» አገኘሁ ብሏል፤ መሰርሰሪያው ባለፈበት 120 ሜትር ድንጋይ ውስጥ በአማካይ ከክብደቱ 0.62 ፐርሰንቱ መዳብ ነው ማለቱ ነው። አንቺም ጥሩ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሴ በፊት በማዕድን ፍለጋ ካምፕ ኮር (መሰርሰሪያው ከመሬት ውስጥ የሚያወጣውን ድቡልቡል የድንጋይ ዘንግ) እየቆረጥኩ ናሙና አዘጋጅ ነበር። አሁንም ውጭ ያሉ ዘመዶቼ ሪፖርት ሲልኩልኝ አብሬያቸው አነባለሁ።

በዚህች አንድ መስመር ብቻ አትግዙ። ከሥር ያለውን ዝርዝር ሰንጠረዥ ፈልጉ። «ከዚህ ውስጥ 6 ሜትር፣ 9 ፐርሰንት» የሚል ቢኖርበት እንበል። ካልኩሌተር አውጪ። 120ን በ0.62 ስታባዢ 74.4 ይመጣል። 6 በ9 ደግሞ 54 ነው። ሲቀነስ 20.4 ይቀራል። ይህን ለቀሪው 114 ሜትር አካፍይው፤ 0.18 ፐርሰንት ገደማ ነው። አየሽ፣ መዳቡ ያለው በስድስቷ ሜትር ነው። ሌላው አማካዩን ለማስረዘም የገባ ድንጋይ ነው። ቀጭንና ሀብታም ስር (በድንጋይ መሃል የሚያልፍ የማዕድን መስመር) መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን አወጣጡም ወጪውም ከሰፊ ክምችት ፈጽሞ ይለያል። በተቃራኒው 0.62ቱ በ120 ሜትሩ ላይ ተመጣጥኖ ከተሰራጨና ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ከሆነ፣ እኔ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ብዙ ትላልቅ ክፍት ማውጫዎች የሚሠሩት ግማሽ ፐርሰንት አካባቢ መዳብ ባለው ድንጋይ ነው።

ርዝመቱም ያሳስታል። መሰርሰሪያው ብዙ ጊዜ በሰያፍ ነው የሚወርደው። ስሩን አቋርጦ ሳይሆን ተከትሎት ከወረደ፣ 10 ሜትር ውፍረት ያለው ነገር 40 ሜትር ሊመስል ይችላል። ሪፖርቱ ስለ እውነተኛው ውፍረት ምን ይላል? «ገና አይታወቅም» ካለ፣ ርዝመቱን እንደ ውፍረት አትቁጠሩት።

የላብራቶሪ ውጤት ሳይደርስ የኮር ፎቶ የሚለጥፉም አሉ። ኮር ውሃ ሲፈስበት ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ግን የሚያብረቀርቀው ፓይራይት ከሆነ ብረትና ድኝ ነው፤ መዳብ አይደለም። ዋናው የመዳብ ማዕድን ቻልኮፓይራይት ራሱ ከክብደቱ መዳብ የሆነው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። የመዳቡን መጠን ለመለካት በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መሣሪያም የሚያነበው የነካትን አንዲት ነጥብ ነው። በፎቶ አክሲዮን አይገዛም።

እኛ ናሙና ስንልክ መሃል መሃሉ ላይ መዳብ የሌለው ድንጋይና የመዳብ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ዱቄት ቁጥር ሰጥተን እንከት ነበር። ላብራቶሪው ቢሳሳት በዚያ ይታወቃል። ቁም ነገር ያለው ሪፖርት ይህን ማጣሪያ ይጠቅሳል። በ1997 የካናዳው ብሬ-ኤክስ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ አገኘሁ ያለው ወርቅ ናሙናው ላይ የተጨመረ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን አጣ። ካናዳ በ2001 ናሽናል ኢንስትሩመንት 43-101 የተባለውን የማዕድን ሪፖርት ደንብ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድምሽ በሪፖርቱ ላይ ኃላፊነት የወሰደው ባለሙያ ማን እንደሆነ ይመልከት።

ከሁሉ በላይ እኔ የማየው የጉድጓዶቹን ተራ ቁጥር ነው። 1፣ 2 እና 5 ተነግሮ 3 እና 4 ዝም ከተባለ፣ ጠይቁ። ገና ላብራቶሪ ናቸው ወይስ ባዶ ወጡ? አንድ ጉድጓድ ክምችት አይሆንም። ከመጀመሪያው ራቅ ብለው የተቆፈሩትም መዳብ ካሳዩ ያኔ ነገሩ መልክ ይይዛል።

ገንዘቡንም እዩ። እነዚህ ኩባንያዎች ገቢ የላቸውም። ካዝናቸው ሲሳሳ አዲስ አክሲዮን ይሸጣሉ፣ የወንድምሽ ድርሻም ይቀንሳል። ጥሩ ውጤት ባወጡ ማግስት መሸጥ የተለመደ ነው።

«እኛ አገርስ መዳብ የለም ወይ?» ላልሽው፦ የአካባቢያችንን ብቻ ልንገርሽ፤ የሰሜን ሸዋ ደጋ በወፍራም ባዛልት የተሸፈነ ነው፣ በጀማ ሸለቆ ደግሞ ከሥሩ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ይታያል። መዘዞ ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ አላት። ግን አረንጓዴ ድንጋይ ይዞ «መዳብ ነው፣ ገንዘብ አዋጡ» ለሚል ሰው ያለ ላብራቶሪ ወረቀት ሳንቲም አትስጪ።

ሰንጠረዡንና የጉድጓዶቹን ካርታ ወንድምሽ ይላክልሽና እዚሁ ለጥፊው። ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን። እስከዚያ ግን ግዢውን ያቆየው።