ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በስኖው ቀን ካርት ስሰበስብ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አሁን ውሃ ቋጠሩ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር እንደምን አሉ? የምኖረው ሴንት ፖል ሚኒሶታ ነው፣ 34 ዓመቴ ነው፣ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ካሽየር ነኝ። ሰኞ ያ ሁሉ ስኖው ሲወርድ ግማሹ ሰራተኛ አልመጣም ብሎ ደወለ፣ እኔ ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ሄድኩ። ካርት የሚሰበስበው ልጅም ቀርቶ ስለነበር ማናጀሩ "እስቲ ፓርኪንግ ያሉትን አምጪልን" አለኝና ወጣሁ፣ ያደረግኩት የጥጥ ጓንት ነው እሱም ወዲያው ረጠበ፣ ካርቱ ደግሞ ብረት ነው፣ ነፋሱ ለጉድ ነበር፣ ወደ 40 ደቂቃ ውጪ ቆየሁ። መጀመሪያ ጣቶቼን በጣም አመመኝ፣ ከዛ ህመሙ ሲጠፋ ለመድኩት ብዬ ደስ አለኝ። ስገባ የግራ እጄ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አመድ መስለው ነበር፣ ካሽ ሬጂስተሩ ጋ ቆሜ ከመሳቢያው ሳንቲም ማንሳት አቃተኝ፣ መንካቴን እንኳ አላውቅም። ብሬክ ሩም ገብቼ ሂተሩ ላይ አስጠጋሁት። ማታ አዲስ አበባ ለእማዬ ስደውል "ብርድ ገብቶብሽ ነው፣ ቅቤ አሙቂና በደንብ እሺው" አለችኝ፣ አሸሁት። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ሁለቱም አብጠዋል፣ ውሃ ቋጥረዋል፣ ያቃጥለኛል። ነገ ሺፍት አለኝ፣ ብርዱም ይብሳል ተብሏል። ኢንሹራንሴ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ሐኪም ቤት መሄዱን ፈርቻለሁ። ለማይግሬን ፕሮፕራኖሎል እወስዳለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ጻፍሽ። ሌላውን ሳታነቢ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ፣ የቀለበት ጣትሽ ላይ ቀለበት ካለ አሁኑኑ አውልቂው፣ ከዛ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ከነገው ሺፍት በኋላ አይደለም፣ ዛሬ።

የገለጽሽው ነገር ፍሮስትባይት (ብርድ ቆዳንና ከስሩ ያለውን ስጋ በረዶ ሲያደርገው የሚመጣ ጉዳት) ነው፣ ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ቤት ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ነገር አይደለም። ሳላየው ምን ያህል እንደጠለቀ ልነግርሽ አልችልም ግን የቋጠረውን እዪው፣ ውሃው ጥርት ያለ ወይ ቢጫ ነገር ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የላይኛው ቆዳ ላይ ነው እና ደህና ይመለሳል፣ ደም የመሰለ ወይ የጠቆረ ከሆነ ግን ጠልቋል ማለት ነው፣ ያኔ አርጀንት ኬር ምናምን ሳትዪ ቀጥታ ኢመርጀንሲ ሂጂ። የጣቱ ጫፍ እስካሁን ከደነዘዘም እንደዛው። ሴንት ፖል ሪጅንስ ሆስፒታል አለ፣ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ሄነፒን፣ ሁለቱም የቃጠሎ ክፍል አላቸው። ብርድ ለመታው ሰው የቃጠሎ ክፍል ምን ይሰራለታል እንዳትዪ፣ እዚያ አገር ፍሮስትባይት በብዛት እያዩ የሚያክሙት እነሱ ናቸው።

አሁን ምን እንደሆንሽ ልንገርሽ። ደጋ ያደገ ሰው ውርጭን ያውቀዋል፣ ባቄላውን ሌሊት ይመታዋል፣ ጎህ ሲቀድ ብታዪው አረንጓዴ ነው፣ ተርፏል ትያለሽ፣ ፀሐይ ወጥታ ሲሞቀው ነው ጠቁሮ የሚጠወልገው። ያንቺም ጣት እንደዛ ነው የሆነው። ሰውነት በጣም ሲበርደው ሙቀቱን ለልብና ለአንጎል ለማስቀረት የእጅና የእግር ደም ስሮችን ያጠባል፣ ጣት ደም ሲያጣ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ በረዶ መቀየር ይጀምራል። ከዛ ሲቀልጥ ትንንሾቹ የደም ስሮች ተጎድተው ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ ውስጣቸውም ደም ይረጋል፣ እብጠቱና የውሃው መቋጠር ከዚህ ነው የመጣው። ህመሙ ሲጠፋ ለመድኩት ያልሽው ነገር ነው በጣም ያሳሰበኝ፣ ለምደሽው አይደለም፣ ነርቩ ደንዝዞ ነው። ሲያምሽ የነበረው ግቢ እያለሽ ነበር፣ ሲተውሽ ግን አለቀ ማለት ነው።

ሂተሩም ትክክል አልነበረም። የደነዘዘ ጣት ሙቀት አያውቅም፣ እየተቃጠለም ምንም አይልሽም፣ በብርድ ከተመታው ቆዳ ላይ ሌላ ቃጠሎ ጨምረሽ ልትነሺ ትችያለሽ። ለሌላ ጊዜ (አይድረስብሽ እንጂ) ማድረግ የነበረብሽ እጅሽን ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፣ ቴርሞሜትር ከሌለ ህፃን ሲታጠብ እንደሚደረገው በደህናው እጅ ክርን መሞከር፣ ደስ የሚል ሙቀት ነው መሆን ያለበት እንጂ ፍል ውሃ አይደለም፣ ሲቀዘቅዝ ሙቅ እየጨመርሽ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ጣቱ ለስለስ እስኪልና ቀለሙ እስኪመለስ። በጣም ያማል፣ ሰው መሀል ላይ እጁን የሚያወጣው ለዚህ ነው። ግን አንድ ነገር አለ፣ ተመልሰሽ ብርድ ውስጥ የምትወጪ ከሆነ አታቅልጪው፣ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ጣት አንዴ ብቻ ከቀዘቀዘው እጅግ የባሰ ይጎዳል። እና ማናጀርሽ "ትንሽ ሙቂና ደግሞ ውጪ" ቢልሽ መልሱ በጭራሽ ነው።

ስለ እማዬ ቅቤ ደግሞ፣ አትቆጫት፣ የኔም እናት ያንኑ ነበር የምትለው። ብርድ ገባ፣ ብርድ መታኝ፣ ይታሽ፣ ይህን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው፣ ለወገብ ህመም ምናምን ሊሰራ ይችላል፣ ለፍሮስትባይት ግን ማሸት ክልክል ነው። ጣቱ በረዶ እያለ ቢታሽ ውስጡ ያለውን ስጋ ይቆራርጠዋል፣ ያንቺ ማታ ላይ ስለሆነ ያኔ ቀልጦ ነበር፣ ስለዚህ የፈራሁትን ያህል ላይሆን ይችላል፣ ግን የተጎዳ ቆዳ ይገለባል፣ ቁስል ላይ ደግሞ ቅቤ ጀርም መጋበዝ ነው። ቅቤውን ለፀጉርሽ አድርጊው።

እስክትሄጂ ድረስ የቋጠረውን አታፍርጪው፣ በየጣቱ መሀል ንፁህ ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) አድርገሽ ላላ አድርገሽ ጠቅልዪ፣ እጅሽን ከልብሽ ከፍ አድርገሽ ያዢ። ንፁህ የእሬት ጄል ካለሽ ላዩ ላይ መቀባት ይቻላል። ጨጓራ፣ የኩላሊት ችግር ወይ እርግዝና ከሌለና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካልወሰድሽ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በቀን ሁለቴ ይረዳል፣ ህመም ከማስታገስ አልፎ ጉዳቱን የሚያባብሰውን ነገር ይቀንሳል (እኛ ሰፈር ጨጓራ የሌለበት ሰው ስለማይገኝ ነው ቀድሜ የጠየቅኩት)። ሲጋራም ሺሻም አቁሚ፣ ደም ስሩን ያጠባል። ቴታነስ መቼ እንደተከተብሽ ሐኪሙን አስታውሺው። ቀለበቱ እምቢ ካለሽ በግድ አትጎትቺ፣ ሐኪም ቤት በመቁረጫ ያወጡታል፣ ቀለበት ይሰራል ጣት አይሰራም።

ሰኞ ማታ ብትሄጂ ኖሮ ጉዳቱ ጥልቅ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጡሽ ነበር፣ ግን እሱ ከቀለጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰራም። አይሎፕሮስት የሚባል ደም ስር የሚያሰፋ መድኃኒትም በ2024 አሜሪካ ውስጥ ለከባድ ፍሮስትባይት ተፈቅዷል። ይህን የምነግርሽ እንድትፀፀቺ ሳይሆን ቀጥሎ አብራሽ የምትሰራ ሰው ጣቷ ከደነዘዘ "እስቲ ይደር" እንዳትሏት ነው። የጣቱ ጫፍ ቢጠቁርም ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ፣ የትኛው ስጋ እንደሚተርፍ ለመለየት ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፣ ለዛ ነው ሰርጀኖች ለመቁረጥ የማይቸኩሉት።

ፕሮፕራኖሎሉ የጣት ደም ዝውውርን ሊቀንስና እጅ እንዲቀዘቅዝ ሊያደርግ ይችላል፣ ስለዚህ ንገሪያቸው፣ ግን በራስሽ ድንገት እንዳታቋርጪው፣ ልብሽን ሊያስቸግርሽ ይችላል። ድሮም ትንሽ ሲበርድሽ ጣትሽ የሚነጣ ከሆነ እሱንም ጨምሪበት።

ቀለሙ አመድ መሰለ ያልሽው ላይ አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔት ላይ የምታያቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው፣ "ቀልቶ ከዛ ይነጣል" ይላሉ፣ እኛ ጋ መቅላቱ አይታይም፣ ግራጫ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ያብለጨልጫል፣ ስትነኪው እንደ ሰም ይደርቃል። ከጎኑ ካለው ጣት ጋር አስተያዪው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ወታደሮች ላይ የተሰሩ ጥናቶች አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በብርድ የመጎዳት ዕድላቸው ከነጮቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል፣ ስለዚህ ፈረንጁ ባልደረባሽ ባዶ እጁን ሲወጣ አይተሽ "እሱ ምን ሆነ" አትበዪ።

አሁን ገንዘቡ። ስራ ላይ ሆነሽ፣ ማናጀር አዞሽ ነው የተጎዳሽው፣ ስለዚህ ወርከርስ ኮምፕ የሚባለው የአሰሪው ኢንሹራንስ ነው መክፈል ያለበት እንጂ ያንቺ አይደለም። ዛሬ ለማናጀርሽ በቴክስት ፃፊለት፣ ሰኞ ስንት ሰዓት፣ ምን ስሰራ፣ የትኛው ጣት ብለሽ፣ በቃል ብቻ አትተዪው፣ ፎቶም አንሺ፣ ሐኪም ቤትም ስትደርሺ "ስራ ላይ ነው" ብለሽ አስመዝግቢ። ሐኪሙን "ውጪ እንዳትሰራ" የሚል ወረቀት ጠይቂው። ሚኒሶታ ደግሞ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በየሰራሽው 30 ሰዓት 1 ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ሕግ አለ፣ ነገ ብትቀሪ ከሱ ሊያዝልሽ ይችላል። ይሄን ያህል ዲግሪ ሲሆን ውጪ አይሰራም የሚል የፌዴራል ቁጥር የለም፣ አሰሪው ሰራተኛውን ከታወቀ አደጋ ይጠብቅ የሚል አጠቃላይ ግዴታ ብቻ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ማናጀር ጆሮ ላይ ብዙም አይሰማም። ጃንዋሪ 30፣ 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ገብቶ ፖስታ ቤት እንኳ ደብዳቤ ማደል አቁሞ ነበር፣ የሱቅ ሰራተኛ ግን መቼ ቀርቶ ያውቃል።

ጣትሽ ድኖ ወደ ስራ ስትመለሺ ቢያንስ ለዚህ ክረምት ካርት አይመለከትሽም፣ አንዴ የተመታ ጣት ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ብርድ አይችልም። ግድ ሆኖ የሚወጣ ሰው ካለ ነፋሱንም ይቁጠር፣ ዜሮ ፋራናይት ላይ በሰዓት 15 ማይል ነፋስ ካለ ከዜሮ በታች 19 ሆኖ ነው የሚሰማው፣ ባዶ ቆዳ በ30 ደቂቃ ይመታል፣ አንቺ 40 ደቂቃ በረጠበ ጥጥ ነበርሽ። ጥጥ ከረጠበ ከባዶ እጅ አይሻልም፣ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ሚተን ነው የሚሻለው፣ ከስሩ ስስ የሱፍ ጓንት፣ ኪስ ውስጥ ደግሞ ደረቅ ቅያሪ። በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ መደረብም ደም ያግዳል። ሬጂስተርሽ በሩ አጠገብ ከሆነና ደንበኛ በጫማው ባመጣው የቀለጠ ስኖው ላይ ቆመሽ የምትውዪ ከሆነ የእግር ጣቶችሽ ሊያሳክኩሽና ወይን ጠጅ መስለው ሊያብጡ ይችላሉ፣ እሱ ቺልብሌን ነው፣ ከፍሮስትባይት ይለያል፣ ደረቅ ካልሲ ከቀየርሽ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ይተዋል።

በብሬክ ሰዓት መኪናችሁ ውስጥ ገብታችሁ ሞተር አስነስታችሁ የምትሞቁ ደግሞ መጀመሪያ ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን ከስኖው ጥረጉ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው መጀመሪያ የሚያመጣው፣ አንቺ ደግሞ ማይግሬኔ ነው ብለሽ ልታልፊው ትችያለሽ። አዲስ አበባ በር ዘግቶ ከሰል እያነደደ የሚሞተው ሰው በምን እንደሚሞት ታውቂያለሽ፣ ያው ጋዝ ነው። ፌብሯሪ 2021 ቴክሳስ መብራት ሲጠፋ ሂዩስተን ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው የሞቁ ወገኖቻችንን ያጣነው በሱ ነው።

ትኩሳት ከመጣ፣ መግል ካየሽ፣ የቀለሙ ለውጥ ወይ እብጠቱ ወደ መዳፍሽ ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ተመለሺ። እና ቀለበቱ፣ አወለቅሽው?