የቦሎቄ ሕያው ማዳበሪያ ለለውዝ ይሆናል?

ጥያቄ፦ አርሶ አደር ነኝ፤ የምጽፈው ከባቢሌ ነው። ለቦሎቄ ከገዛሁት ሕያው ማዳበሪያ የተረፈውን ከለውዝ ዘር ጋር ለውሼ ዘራሁት፤ ካልተለወሰው ግን ልዩነት አላየሁበትም። ባክቴሪያው ለምን አልሠራም?

መልስ፦ ለቦሎቄ በሚዘጋጀው እሽግ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ራይዞቢየም ሲሆን፣ ለውዝ በአብዛኛው የሚስማማው ግን ዘመዱ ከሆነው ከብራዲራይዞቢየም ጋር ነው። ሁለቱ እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ድረስ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። በኋላ ሲለያዩ ዋናው መለያ የዕድገታቸው ፍጥነት ሆነ፤ ራይዞቢየም በላቦራቶሪ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ በዓይን ሲታይ፣ ብራዲራይዞቢየም አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ለእርስዎ ማሳ የሚያመዝነው ግን ወደ ስር የሚገቡበት መንገድ ነው። የቦሎቄው ባክቴሪያ የሚገባው በስር ጸጉር በኩል ሲሆን፣ የለውዙ ደግሞ የጎን ስሮች ሲወጡ በሚፈጠረው ስንጥቅ ነው። ከዚህም በላይ የሰብሉ ስርና ባክቴሪያው የሚተዋወቁት በሚያመነጩት ኬሚካል ስለሆነ፣ ካልተዛመዱ በስሩ ላይ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለሰብሉ የሚያዘጋጅበት እባጭ አይፈጠርም።

ይሁንና ሌላ እሽግ ከመግዛትዎ በፊት ማሳዎን ይመርምሩ። ባቢሌ ለውዝ የቆየበት አካባቢ በመሆኑ ተስማሚው ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ ቀድሞም ሊኖር ይችላል። ሰብሉ ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን በአካፋ ከነአፈራቸው ያውጡ፤ ከተነቀሉ እባጮቹ ተበጥሰው ይቀራሉ። ስሩን በውሃ ካጠቡ በኋላ በጎን ስሮች መጋጠሚያ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ፤ ውስጣቸው ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እያዘጋጁ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠሩም። ቀዩ በርከት ካለ ለእሽግ ገንዘብ ማውጣት፣ በእኔ ግምት፣ ብክነት ነው፤ ያንን ገንዘብ ፎስፈረስ ላለው ማዳበሪያ ቢያውሉት ይሻላል። ዩሪያ መጨመር ደግሞ እባጩን ያሳንሳል።

እባጩ ጥቂት ወይም ነጭ ከሆነ ብቻ በላዩ «ለለውዝ» ተብሎ የተጻፈበትን ይግዙ። የአኩሪ አተሩም ብራዲራይዞቢየም ቢሆን ዝርያው ሌላ ስለሆነ አይተካውም። የማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ፤ በድሬዳዋ ሙቀት በቆርቆሮ ሱቅ የከረመ እሽግ ቀኑ ባያልፍም ባክቴሪያው ሞቶ ሊሆን ይችላል። ዘሩን በጥላ ሥር፣ ጥቂት ስኳር በተሟሟበት ውሃ አርሰው ከለወሱት በኋላ በዚያው ቀን እርጥበት ባለው አፈር ይዝሩት።