ፋይሉን አስገብቻለሁ፤ ጎግል ግን አላየውም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው። ስለ ሐረሪ ቤቶች፣ ስለ ስፌቶቻችንና ስለ ቡና በብሎገር ድረ ገጽ ከፍቼ እጽፋለሁ። ብዙ ጠብቄ፣ በገጼ ላይ ማስታወቂያ እያሳየ የሚከፍለው ጎግል አድሴንስ ተቀበለኝ። አሁን ግን ገቢሽ አደጋ ላይ ነው፣ የአድስ ዶት ቲኤክስቲ (ads.txt) ፋይልሽን አስተካክዪ የሚል ማስጠንቀቂያ አልጠፋ አለኝ። ፋይሉ ውስጥ የሚገባውን መስመር በስልኬ ጽፌ ካስገባሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የስክሪኑን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። አንድ ሰው በቴሌግራም «የጂሜይልሽን ፓስወርድ ስጪኝ፣ በ2,000 ብር እጨርስልሻለሁ» አለኝ። ልስጠው?
ሀ.፣ ከሐረር

መልስ፦ አትስጪው፣ ልጄ። ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ። ለዚህ ሥራ ፓስወርድ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን አያውቀውም፣ ወይም ሌላ ነገር ፈልጓል። ፋይሉ በስምሽ ማስታወቂያ የሚሸጠው ማን እንደሆነ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። ውስጡ የሚገባው የአሳታሚ ቁጥርሽ፣ ማለትም አድሴንስ የሰጠሽ መለያ ነው። እሱ ደግሞ ምስጢር አይደለም። ማስታወቂያ ያለበት ገጽ ኮድ ውስጥ ማንም ከፍቶ ያየዋል። ጂሜይልሽ ግን የቤትሽ ቁልፍ ነው።

የላክሽውን ፎቶ ድሬዳዋ ከዚራ ባለችው ሱቄ ቁጭ ብዬ አስፍቼ አየሁት። ሁለት ስህተት አለበት።

አንደኛው፣ በእንግሊዝኛው ኮማ (,) ቦታ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ (፣) ገብቷል። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ፣ ምልክቱ ላይ ስትደርሺ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር። ለእኛ ዓይን ሁለቱም ያው መለያ ናቸው። ፋይሉን የሚያነበው ማሽን ግን የሚያውቀው ኮማን ብቻ ነው። ነጠላ ሰረዝ ሲያገኝ በኮማ የሚለዩትን የመስመሩን አራት ክፍሎች መለየት አይችልም፣ መስመሩን በሙሉ ይተወዋል። እኔም የአንድ ደንበኛዬን ገጽ ስሠራ በዚሁ ምክንያት ሦስት ቀን ተሰቃይቻለሁ። ቁጥሩን ደጋግሜ ስቆጥር ምልክቱን አላየሁትም ነበር። የፎቶሽ ነገር ቶሎ የገባኝ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ቁጥርሽን ከማስታወቂያው ኮድ ላይ ነው የወሰድሽው። እዚያ «ሲኤ» (ca) የሚል ቅጥያ ከፊቱ አለ። ፋይሉ ውስጥ ግን «ፐብ» (pub)፣ ጭረት፣ ከዚያ 16 አሃዝ ነው የሚፈለገው። «ሲኤ» እና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጭረት ይውጡ።

በእጅሽ አትጻፊው። አድሴንስ ራሱ መስመሩን አዘጋጅቶ ያስቀምጥልሻል፣ ኮፒ አድርጊው። ከዚያ ብሎገር ውስጥ ሴቲንግስ ግቢ፣ ወደ ታች ወርደሽ ሞኒታይዜሽን የሚለውን ፈልጊ። ማብሪያውን አብሪ፣ የቆየውን አጥፊና አዲሱን ለጥፈሽ ሴቭ አድርጊ። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ድረ ገጻችሁን በዊክስ ለሠራችሁ፣ ቦታው ገጽ በፍለጋ እንዲገኝ ከሚያግዙት የኤስኢኦ መሣሪያዎች ጋር ነው። ዎርድፕሬስን በራሳችሁ ሆስቲንግ ላይ የጫናችሁ ፋይሉን ከሁሉም ፎልደር በላይ፣ ሥሩ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። በኖትፓድ ጻፉት፣ በዎርድ አይሆንም። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻ ስለሚደብቅ «ቲኤክስቲ» ሁለት ጊዜ እንዳይደገም ተጠንቀቁ።

ፋይሉ ለምን እንዳስፈለገ ካልገባሽ ነገ ሌላ ሰው ያታልልሻል። እዚህ ድሬ ቤት የሚሸጥ ሰው ደላላ ይይዛል እንበል። ያልተላከ ደላላም ወጥቶ «እኔ ነኝ የማሸጠው» ሊል ይችላል። ባለቤቱ በሩ ላይ «በእኔ ስም የሚሸጠው እገሌ ብቻ ነው» ብሎ ቢለጥፍ፣ ገዢው ወረቀቱን አይቶ ያውቃል። የማስታወቂያ ገበያም እንደዚያው ነው። አይኤቢ ቴክ ላብ የተባለው የዘርፉ ተቋም ይህን አሠራር ያወጣው እንደ ፈረንጆች በ2017 ነው። በዚያው ዓመት ፋይናንሺያል ታይምስ ገበያውን ሲፈትሽ፣ የእሱ ያልሆነ የማስታወቂያ ቦታ በስሙ ሲቸበቸብ አገኘ። ግምቱ በወር 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ጋዜጣ ስሙ ከተሰረቀ፣ የአንቺም ስም ጥበቃ ይገባዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር የውክልና ወረቀት ነው። «ዳይሬክት» ማለት ከዚህ ድርጅት ጋር አካውንቱ የራሴ ነው ማለት ነው። «ሪሴለር» ማለት ሌላ ሰው በእኔ ፈቃድ ይሸጥልኛል ማለት ነው። አንዳንድ የማስታወቂያ ድርጅት መቶና ከዚያ በላይ መስመር ይልክና «ሁሉንም ለጥፊ» ይላል። የማታውቂውን አትለጥፊ። እያንዳንዱ ማን እንደሆነ ጠይቂ። አሁን ላንቺ አንዷ የጎግል መስመር ትበቃሻለች።

ካስተካከልሽ በኋላ ስልክሽ ላይ የገጽሽን አድራሻ ጽፈሽ፣ እዝባር (/) ጨምረሽ፣ የፋይሉን ስም በትንንሽ ፊደል አስከትዪ። ባዶ ነጭ ገጽ ላይ ያቺ መስመር ብቻዋን ከታየች ሥራሽ አልቋል። ማስጠንቀቂያው ግን ወዲያው አይነሳም። ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ ጎብኚ ያልበዛበት ገጽ ከሆነ እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል። በመሀል እየነካካሽ አትለውጪው።

ሌላም ላስታውስሽ። ገቢሽ 10 ዶላር ሲደርስ ጎግል አድራሻሽን ለማረጋገጥ ፒን ቁጥር በፖስታ ይልካል። የፖስታ ሣጥን ቁጥርሽን አሁኑኑ በትክክል ሙዪ። የራስሽ ከሌለሽ፣ ከቤተሰብ ያለውን ሰው አስፈቅደሽ ተጠቀሚ።

መስመሯ ስትታይሽ አዲሱን ፎቶ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።